መጠባበቂያው ክር

ነገሩ የተጀመረው የስልኬ መቃኛ ሳይዘጋ በመቅረቱ ነው። ክራር የምቃኝበት አፕ ጠረጴዛው ላይ እንደበራ ነበር፤ አጠገቡ የጃዝ ትራምፔተኛው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አሮጌ ሸክላ ይዞራል። የፒያኖው ድምፅ ነጠል ብሎ በተሰማ ቁጥር የመቃኛው ቀስት ከመሃሉ መስመር አልፎ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሸክላው ተገልብጦ «ኦል ብሉስ» ሲጀምር ደግሞ ቀስቱ መሃል ላይ ቁጭ አለ። ማጫወቻው ያው፣ መርፌው ያው፣ የተቀረፀበት ቤት ያው። ማጫወቻው የሚፈጥን ቢሆን ሁለቱንም ፊት ባፈጠነ ነበር። አንዱን ፊት መርጦ የሚያበላሽ ማጫወቻ የለም።

ስለ ራሴ የማወራው ይኸው ነው፤ የቀረው ስለ ክሩ፣ ማለትም ሙዚቃው ስለተቀረፀበት ቴፕ ነው። የድሮ ጃዝ ትራምፔተኛን ጥሩ ቅጂ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «የመጀመሪያው ኅትመት የቱ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፣ ግን ለሰብሳቢ እንጂ ለሰሚ አይረባም። ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ይባላል፤ የዚህ ነገር ሥሩ ሸክላው ሳይሆን ሸክላው የተቀዳበት ክር ነው። የትኛው ክር? በየትኛው ማሽን ላይ የተጠቀለለ? ማን መልሶ ያጫወተው? እነዚህን ሦስቱን ያወቀ ሰው በትንሽ ገንዘብ የተሻለ ድምፅ ይገዛል።

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ማሽን በአንድ ክፍል

ሥራው የተቀረፀው በሁለት ቀን ነው፦ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 ቀን 1959። ቦታው ማንሃተን፣ ምሥራቅ 30ኛ መንገድ ላይ የነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ፤ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ፣ ጣሪያው ሩቅ የሆነ ሰፊ አዳራሽ። የድምፅ ኢንጂነሩ ፍሬድ ፕላውት ይባላል። በመጀመሪያው ቀን «ፍሬዲ ፍሪሎደር»፣ «ሶ ዋት» እና «ብሉ ኢን ግሪን» ተቀረፁ፤ በሁለተኛው ቀን «ፍላሜንኮ ስኬቸስ» እና «ኦል ብሉስ»። ሸክላው ሲታተም የመጀመሪያው ቀን ሥራ አንደኛው ፊት ላይ፣ የሁለተኛው ቀን ሁለተኛው ፊት ላይ ዋለ። የመቃኛው ቀስት ፊት ለይቶ ያዘነበለው ለዚህ ነው፤ የለየው ፊቱን ሳይሆን ቀኑን ነው።

የተቀረፀው ሦስት መስመር ባለው ክር ላይ ነው። በግራ ሳክስፎን ነፊው ጆን ኮልትሬንና ፒያኖው፣ በቀኝ ሌላው ሳክስፎን ነፊ ካነንቦል አደርሊና ድራሙ፣ መሃል ላይ ማይልስና ቤዙ። ይህን ድምፅ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ሆነው እኩል ይቀዳሉ፦ አንዱ ዋና፣ ሌላው መጠባበቂያ። መጠባበቂያው ዋናው ክር ቢበጠስ ወይም ቢበላሽ ተብሎ የሚያዝ ነው፤ ካልተፈለገ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። በማርች 2 ዋናው ማሽን ከሚገባው ፍጥነት ትንሽ ዘግይቶ ይዞር ነበር። መጠባበቂያው ልክ ነበር።

ማሽኑ ዘግይቶ ድምፁ ለምን ከፍ ይላል? ካሴት ላይ ያደገ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል። አሁን ተቃራኒውን አስቡት፦ ባትሪው በደከመ ቴፕ ቅዱና አዲስ ባትሪ አስገብታችሁ አጫውቱት። ድምፁ ይቀጥናል፣ ይሮጣል። ክሩ በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር ማለፍ ሲገባው ከዚያ ባነሰ አልፎ ከተቀዳ፣ በኋላ በትክክለኛው 38 ሲጫወት የአንድ ሰከንዱ ሙዚቃ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ጊዜው ሲያጥር ቃናው አብሮ ይወጣል። ከፍ ማለቱ ከሩብ ቃና የሚበልጥ አይደለም፤ ግን አለ።

ከዋናው ክር ሦስቱ መስመሮች ተዋሕደው ሚክስ ተሠራ፣ ከሚክሱ ሸክላው ተቆረጠ፣ ከተቆረጠው ዓለም ሁሉ ሰማ። መጠባበቂያው ሳጥኑ ውስጥ ቆየ።

ማንም ያልሰማው ለምንድን ነው?

እኔን የያዘኝ ጥያቄ ይኼ ነው። ምናልባት በጃዝ ታሪክ እንደዚህ ሥራ ደጋግሞ የተደመጠ የለም። ሆኖም ለ33 ዓመት፣ ከ1959 እስከ 1992 ድረስ፣ አንደኛው ፊት ከፍ እንዳለ ታተመ፣ ተሸጠ፣ ተወደደ።

መልሱ ጆሮ እንዴት እንደሚሠራ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ክሩ ሲፈጥን ሁሉም አብሮ ይወጣል፤ ትራምፔቱም ሳክስፎኑም ቤዙም። በመካከላቸው ያለው ርቀት አይናጋም። ጆሮ ደግሞ የሚይዘው ርቀቱን ነው። በትዝታና በባቲ ያደገ ጆሮ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ክራርም ማሲንቆም የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ እንጂ በዓለም ለተለመደው የ440 ሄርዝ መቃኛ ልክ አይደለም። ዛሬ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ነገ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢቃኝ ትዝታው ትዝታ ነው። ስለዚህ ያላወቀው ጆሮ ጥፋተኛ አይደለም። ያወቁት መሣሪያቸውን ይዘው ከሸክላው ጋር አብረው የሚጫወቱ ናቸው። ትራምፔተኛ የቃኚ ቱቦውን ገፋ አድርጎ ከሸክላው ጋር ይስማማል፤ ሳክስፎን የሚነፋ የመሣሪያውን መንፊያ በመሣሪያው አንገት ላይ ገባ ያደርጋል። ፒያኖ ተጫዋች ግን መሄጃ የለውም። ቁልፉ ወይ ልክ ነው ወይ ልክ አይደለም።

መጠባበቂያው ሳጥን የተከፈተው በ1992 ለወጣ የሲዲ ኅትመት ነው፤ በወርቅ ቀለም የታተመው የሶኒ «ማስተርሳውንድ»። እዚህ ላይ ቆም ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል። ማይልስ ያረፈው በሴፕቴምበር 1991 ነው፤ እርማቱ የወጣው በቀጣዩ ዓመት። ኮልትሬን በ1967፣ ቤዝ ተጫዋቹ ፖል ቻምበርስ በ1969፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ዊንተን ኬሊ በ1971፣ ካነንቦል በ1975፣ ሌላው ፒያኖ ተጫዋች ቢል ኤቫንስ በ1980 አልፈዋል። ከሰባቱ ተጫዋቾች በሕይወት የቀረው ድራመኛው ጂሚ ኮብ ብቻ ነበር። ቃናው ሲታረም በቦታው የነበረ ብቸኛው ምስክር፣ መሣሪያው ቃና የማይቃኝለት ሰው መሆኑ ይገርመኛል።

ታዲያ «ኦሪጅናል» የቱ ነው? ተጫውተው ክፍሉን የሞሉበት ድምፅ ነው ወይስ 33 ዓመት ሰው ቤት የገባው? ለረጅም ጊዜ ሁለቱም እኩል መብት ያላቸው ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ምክንያቱም ለውጡ ቃና ብቻ አይደለም። ፍጥነቱም በዚያው መጠን ይጨምራል፣ የመሣሪያው ገላም ይቀጥናል። ልክ የሆነውን ቅጂ ስትሰሙ መጀመሪያ የሚገባችሁ ዝቅ ማለቱ ሳይሆን ክብደቱ ነው፤ የቻምበርስ ቤዝ እንጨት ይኖረዋል፣ የማይልስ ትራምፔት ደረት ያገኛል፣ «ሶ ዋት» መቸኮሉን ትቶ ይቀመጣል። ይህን የወሰነ ሙዚቀኛ የለም፤ የማሽን ስንፍና ነው የሰጠን። ስንፍናን እንደ ቅርስ መጠበቅ አያሳምነኝም።

በመቃኛ መለካት

እጃችሁ ላይ ያለው ቅጂ የታረመ ይሁን ያልታረመ ለማወቅ ሽፋኑን አትመኑ፤ ለኩት። የሚለካው በፒያኖው ነው። ነፋሾቹ ድምፁን በከንፈር ያጎብጣሉ፣ ቤዙ ጣት ባረፈበት ይሰጣል፤ ፒያኖ ብቻ ነው የማይለማመጠው። መቃኛውን በ440 አድርጉና «ፍሬዲ ፍሪሎደር» ላይ ዋናው ዜማ አልቆ ዊንተን ኬሊ ብቻውን ሲጀምር ነጠላ ድምፆቹን ያዙ። ኮርድ አይሆንም፤ የስልክ መቃኛ ብዙ ድምፅ አንድ ላይ ሲመጣ ይደናገራል። አምስት ስድስት ነጠላ ድምፅ በሴንት ጻፉ፤ የገንዘቡ ሳንቲም አይደለም፣ የግማሽ ቃና መቶኛ ነው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ፊት ሂዱና በ«ኦል ብሉስ» የኤቫንስ ሶሎ ላይ እንዲሁ አድርጉ።

የምትፈልጉት የሁለቱን ልዩነት ነው፤ አንዱ ብቻውን የሚያሳየው ቁጥር አይጠቅምም። ማጫወቻችሁ ትንሽ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ቢሆን ሁለቱንም ፊት እኩል ስለሚነካ በመቀናነስ ይጠፋል። ሁለቱ ፊቶች በጥቂት ሴንት ውስጥ ከተገናኙ ቅጂው የታረመ ነው። አንደኛው ፊት 15፣ 20 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ያልታረመ ነው።

መቃኛውን ለማያምን ሁለተኛ መንገድ አለ፤ ሰዓት መያዝ። በ«ሶ ዋት» ላይ ከመግቢያው በኋላ፣ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ አካባቢ፣ የማይልስ ሶሎ ሲጀምር ጂሚ ኮብ ሲምባሉን ሲመታ ይሰማል። ከዚያች ምት ጀምሮ ኮልትሬን እስኪገባ ድረስ ሁለት ሙሉ ዙር፣ 64 ባር፣ 256 ምት አለ። ታርሞ በወጣው ቅጂ ይህ ወደ 113 ሰከንድ ይወስዳል። አንድ ከመቶ የፍጥነት ልዩነት ከዚህ ላይ 1.1 ሰከንድ ይቀንሳል፤ በእጅ ሰዓት እንኳ የሚያዝ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ሞገዱን እያዩ ምልክት ቢያደርጉማ ጥርጥር አይኖርም። የሙዚቃውን ጠቅላላ ርዝመት አታወዳድሩ። መጨረሻው ላይ ድምፁ እየጠፋ የሚሄድበት ርዝመት እና በሙዚቃዎቹ መሃል ያለው ዝምታ ከኅትመት ኅትመት ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የድሮ ሸክላችሁን ወደ ኮምፒውተር ገልብጣችሁ ራሳችሁ ማረም ከፈለጋችሁ ይቻላል። እንደ ኦዳሲቲ ባለ ነፃ ፕሮግራም ፍጥነትንና ቃናን አብሮ የሚቀይረውን ትእዛዝ ምረጡ፤ ቃናን ብቻ የሚቀይረውን አይደለም። ቃና ብቻ የሚቀይረው ፍጥነቱን እንደያዘ ድምፁን ቆራርጦ እየሰፋ ስለሚሠራ ሲምባሉ ላይ ውኃ የሚያንኮራኩር የሚመስል ነገር ይጥላል። እኛ ደግሞ ሁለቱም አብረው እንዲወርዱ ነው የምንፈልገው። ልዩነቱ 20 ሴንት ከሆነ ፍጥነቱን 1.15 ከመቶ ቀንሱ፤ 35 ሴንት ከሆነ 2 ከመቶ፤ 50 ከሆነ 2.85 ከመቶ። የምትቀንሱት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሥራዎች ብቻ ነው። ሙሉውን መርጦ አንድ ላይ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ልክ የነበረውን ሁለተኛ ፊት ያበላሻል።

ስድስት ዓይን፣ አንድ ጆሮ

ወደ ግዢው እንምጣ። የመጀመሪያው ኅትመት ስቴሪዮው ሲኤስ 8163፣ ሞኖው ሲኤል 1355 ይባላል፤ መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ስድስት ዓይን የሚመስል ምልክት አለበት። የመጀመሪያዎቹን ለመለየት ሰብሳቢዎች ሁለት ስሕተት ይፈልጋሉ፦ ሁለተኛው ፊት ላይ የሁለቱ ሙዚቃዎች ስም ተገላብጦ መጻፉን እና የካነንቦል የአባት ስም ፊደል ጎድሎት መታተሙን። ደስ የሚሉ ምልክቶች ናቸው። ዋጋውን ይጨምራሉ፣ ድምፁን አይነኩም። አንደኛው ፊት ደግሞ በሞኖውም በስቴሪዮውም ከፍ ያለ ነው።

የባሰው ግን ሌላ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ብዙ ቤት የነበረው ማጫወቻ ክንዱ ከባድ ነበር፤ ዛሬ 2 ግራም በምናሳርፍበት የመርፌ መሄጃ ጉድጓድ ላይ እጥፍና ከዚያ በላይ ይጫን ነበር። ያ መርፌ ያለፈበት ሸክላ ጉድጓዱ ተልጧል። ሸክላው ያብረቀርቃል፣ ሽፋኑ አዲስ ይመስላል፣ ትራምፔቱ ከፍ ሲል ግን ምራቅ እንደሚተፋ ይንጫጫል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ በማጠብ አይለቅም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ስድስት ዓይኑን አይቶ ጉድጓዱን ሳያይ የገዛ ነው። ከሩቅ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን የየፊቱን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ቀድቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። የመጀመሪያውን አይደለም፤ የመጨረሻውን።

ለምን የመጨረሻውን? መርፌው ወደ መሃል በገባ ቁጥር በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ያጥራል። በደቂቃ 33⅓ በሚዞር ሸክላ ጠርዝ ላይ በሰከንድ ወደ 51 ሴንቲሜትር ያልፍ የነበረው ጉድጓድ፣ ወረቀቱ አጠገብ ሲደርስ ወደ 21 ይወርዳል። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ይታጨቃል፤ የሚጎዳውም ቀጭኑና ከፍተኛው ድምፅ ነው። አሁን እዚያ ምን እንዳለ ተመልከቱ። አንደኛው ፊት የሚያልቀው በ«ብሉ ኢን ግሪን» ነው፣ ሁለተኛው በ«ፍላሜንኮ ስኬቸስ»፤ በሁለቱም ማይልስ የሚነፋው የትራምፔቱን አፍ በሚዘጋ፣ ሀርመን በሚባል ማፈኛ ነው። ለሸክላ ከባዱ ድምፅ በከባዱ ቦታ ላይ ወድቋል። አንደኛው ፊት ወደ 25 ደቂቃ ስለሚጠጋ ጠበብ ብሎ ተቆርጧል፣ ስለዚህ እዚያ ይብሳል። በ45 ዙር በሁለት ሸክላ የሚወጡ ውድ ኅትመቶች እውነተኛ ጥቅማቸው ይኼ ነው፤ ሌላው የሽያጭ ወሬ ነው።

በ60ዎቹ የወጡት «360 ሳውንድ» የሚል የተጻፈባቸው ሸክላዎች ከስድስት ዓይኑ በድምፅ ብዙም አይርቁም፣ በዋጋ ግን ይርቃሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ኅትመቶች የቅጂ ቅጂ ይገባል። አንድ ክር ወደ ሌላ ክር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለበጥ የክሩ እሽታ («ሽሽ» የሚለው ድምፅ) 3 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ያህል ይጨምራል፤ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ክር ሲምባሉን አቧራ ያለብሰዋል።

ከዲጂታሉ በኩል፣ ከ1992 በፊት የወጣ ሲዲ ሁሉ አንደኛው ፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ ሻጩ ምንም ቢያሞግሰው እለፉት። የ1992ቱ የወርቅ ሲዲ ልክ ነው፣ ግን ዛሬ የሚሸጠው በሰብሳቢ ዋጋ ነው። በ1995 «ክላሲክ ሬከርድስ» በድምፅ ኢንጂነሩ በርኒ ግረንድማን እጅ ያስቆረጠው ሸክላ የታረመ ነው፣ ካገኛችሁት መልካም። የእኔ ምርጫ በ1997 የወጣው ተራ ሲዲ ነው። የድምፅ ኢንጂነሩ ማርክ ዋይልደር ወደ ሦስት መስመሩ ክር ተመልሶ እንደገና ሚክስ ያደረገው ነው፤ የሚለየው መጨረሻው ላይ የ«ፍላሜንኮ ስኬቸስ» ሌላ አጨዋወት በመጨመሩ ነው። ያገለገለ ቢገዛ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። በኢንተርኔት የምታዳምጡም ያ ስድስተኛ ሥራ መኖሩን እዩ፤ ካለ ከዚህ ቤተሰብ ነው።

አንድ ነገር ይቀረዋል፣ ልሸሽገው አልፈልግም። አዲስ ሚክስ አዲስ ፍርድ ነው። በ1959 ሚክሱ ሲሠራ ድምፁ ስቱዲዮው ሥር ወዳለ ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ተልኮ፣ እዚያ በስፒከር ጮኾ፣ በማይክ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ያ ኤኮ ሦስት መስመሩ ክር ላይ የለም፤ አዲስ የሚሠራ ሰው በራሱ መንገድ መጨመር አለበት። ቃናውን ስናተርፍ የዚያን ቀን የፕላውትን እጅ በከፊል እናጣለን። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ስድስት ዓይኑን ለሁለተኛው ፊት፣ የ97ቱን ለአንደኛው ፊት ይያዝ። ትንሽ የእብደት ይመስላል፤ ግን የሚያደርጉት አሉ፣ እኔም አልፈርድባቸውም።

አውሮፓ ውስጥ የባለቤትነት ጊዜው ስላለፈ ብቻ በየስሙ ከሚታተሙት ርካሽ ሸክላዎች ግን ተጠንቀቁ። ከየትኛው ክር እንደተቀዱ የማይጽፉ ከሆነ ከሲዲ ተገልብጠው ሊሆን ይችላል፣ ያውም ካልታረመው። ማይልስ በ1956 ፕሪስቲጅ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ የሠራቸውን የምትፈልጉ ደግሞ ሞኖውን ያዙ፤ የተቀረፁት በሞኖ ነው። በኋላ «ስቴሪዮ» ተብለው የወጡት ቀጭኑን ወደ አንድ ጎን፣ ወፍራሙን ወደ ሌላ ጎን በመግፋት የተሠሩ ናቸው።

ማጫወቻው ራሱ ሲዋሽ

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ የሸክላ ማጫወቻ ያላችሁ ይህን አንብቡ። ትራንስፎርመር 110 ቮልቱን ያስተካክልላችኋል፤ ፍጥነቱን ግን አያስተካክልም። አሜሪካ መብራቱ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ እዚህና አውሮፓ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ፍጥነቱን ከዚያ የሚወስድ ሞተር ያለው አሮጌ ማጫወቻ እዚህ ሲሰካ 33⅓ መዞሩን ትቶ 27.8 ይዞራል። ይህን ማንም ይሰማዋል፤ ማይልስ ትሮምቦን ይሆናል። መፍትሔው ሞተሩ ላይ ያለችውን ቀበቶ የሚያዞር ትንሽ ጎማ ለ50 በተሠራው መቀየር ነው። በቀጥታ ጅረት አስማሚ የሚሠሩ ዘመናዊዎቹ ይህ ችግር የለባቸውም።

ተንኮለኛው ግን ትንሹ ስሕተት ነው። ፍጥነት መለኪያውን ባለ መስመር ክብ ወረቀት የምታትሙ ሰዎች ለ50 ሄርዝ 180 መስመር ያለውን መምረጣችሁን አረጋግጡ፤ 216 ያለው ለአሜሪካ ነው። የምታዩበት መብራትም ከመብራት ኃይል በቀጥታ የሚበራ የድሮ አምፖል ይሁን። ብዙ የኤልኢዲ መብራቶች አይርገበገቡም፣ ወይም በሌላ ፍጥነት ይርገበገባሉ፤ ወረቀቱ የፈለገውን ይነግራችኋል።

ሲምባሉ ላይ ቁሙ

ሁለት ቅጂ ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ትንሽ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ግማሽ ዴሲቤል እንኳ ጆሮን ያታልላል። የሚጮኸውን ዝቅ አድርጉ እንጂ የሚያንሰውን ከፍ አታድርጉ፣ ጫፉ ይቆረጣልና። ልዩነቱ ከ0.2 ዴሲቤል በታች ሲወርድ መስማት ጀምሩ።

ከዚያ ወደዚያች የጂሚ ኮብ ሲምባል ተመለሱ። ኃይለኛ ምት ናት፤ ያን የሚያህል አዳራሽ ውስጥ ተለቃ ትራምፔቱ ሲገባ ገና አላለቀችም። ጥሩ ቅጂ ላይ ጭራዋ በቀኝ በኩል ከማይልስ የመጀመሪያ ድምፆች ሥር ለሰከንዶች ሲቀጥል ይሰማል፣ ነሐስነቱ ሳይጠፋ። እሽታውን ለማጥፋት ተብሎ የታጠበ ቅጂ ላይ ግን ጭራዋ በመሃል ይጠፋል፣ ልክ በር የተዘጋ ይመስል። ሙዚቃ ሳይጀምር ክሩ ፍጹም ዝም ካለ ተጠራጠሩ፤ በ1959 ክር ላይ ፍጹም ዝምታ የለም። እሽታ ካለ ሲምባሉም አለ።

ቀጥሎ «ብሉ ኢን ግሪን»። ሀርመን የሚባለው ማፈኛ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን ቡሽ ስላለበት የትራምፔቱን አፍ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፣ ትንፋሹ ሁሉ በማፈኛው መሃል ብቻ ይወጣል። ማይልስ መሃሉ ላይ ያለችውን ቱቦ አውጥቶ ማይኩን ጠጋ ብሎ ነው የሚነፋው። ወፍራሙ ድምፅ ታፍኖ የሚቀረው ቀጭን ንዝረት ነው። ስለዚህ ይህ ድምፅ ምሕረት የለውም፤ ማስተሪንጉ (ከኅትመት በፊት የሚደረገው የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ቀጭኑን ካበዛ መርፌ ይሆናል፣ ከቀነሰ ጥጥ ይሆናል። ልክ ሲሆን ንዝረቱ ሥር የሰው ትንፋሽ አለ፤ ከንፈሩ ለመነሣት ሲላቀቅ ይሰማል። ይህን በስልክ ስፒከር አትፈልጉ። መካከለኛ ሄድፎን ይበቃል።

ከታረመው ጋር አብራችሁ ለመጫወት ኪቦርድ የምታበሩም ካላችሁ፣ ለአሮጌው ሸክላ ብላችሁ መቃኛውን ወደ 445 አካባቢ ከፍ አድርጋችሁ ነበርና መጀመሪያ ወደ 440 መልሱት።